ኮምፒዩተራችንን ማን ይክፈተው?

በዚህ ገጽ አዘውትረን የምንነጋገረው ስለ አገር ጉዳይ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ልጆቻችን አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን ጥግ አቧራ ለብሶ ስለተቀመጠው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላወጋችሁ አስቤአለሁ። ጉዳዩ ተራ የመሰለው ወገን ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የሰው አደራ አስቀምጠናልና።

እንደምታውቁት ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ለተባለው ፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢሰጥም ጊዜ መግዣ ብቻ ነው። ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ ይሞታል ማለት አይደለም። ይበራል፤ ይጽፋል፤ ያትማል። ነገር ግን ሌቦችና ሰላዮች አዲስ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ቀዳዳውን የሚደፍንልን አይኖርም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የምስጢር ቁልፍ መጠበቂያና በጥቅሉ ከ2018 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእኔ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር የ2012 ሥሪት ነበር። በሩን አንኳኩቶ ተመለሰ።

ለብዙ ሰው ይህ የቤት ዕቃ ወሬ ነው። ለስደተኛ ጋዜጠኛ ግን ሌላ ትርጉም አለው። እኔ ከአገር የወጣሁት በ2014 ነው። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር የፍትሕ ሚኒስቴር በአምስት መጽሔቶችና በአንድ ጋዜጣ ላይ ክስ መመሥረቱን ሲያስታውቅ ብዙ የሙያ ባልደረቦች ድንበር ተሻገሩ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ድንበር መሻገር ግን ከክትትል መዳን አልነበረም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተሰኘው የምርምር ተቋም፣ በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒዩተር ላይ የስለላ ፕሮግራም ለመትከል ሙከራ መደረጉን አስታወቀ። በዲሴምበር 2017 ባወጣው ሌላ ዘገባ ደግሞ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ይህን አዲስ ፕሮግራም ጫኑ» የሚል የሐሰት መልእክት በኢሜይል ይላክ እንደነበር አጋለጠ። መንግሥት ቢለወጥም፣ ጊዜ ቢያልፍም፣ ያልተደፈነ ቀዳዳ ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ተቀባዩ ወጣት ትሑት ልጅ ነበር። አዲስ መግዛት ወደ 800 ዶላር እንደሚያስወጣኝ፣ አሮጌውን ማሻሻል ከፈለግሁ ደግሞ ትቼው መሄድ እንደምችል ነገረኝና ቅጽ አቀረበልኝ። ቅጹ ላይ ከስሜና ከስልኬ ቀጥሎ የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል መጻፊያ መስመር ነበረ። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቆምኩ። በዚያ ዲስክ ላይ ያነጋገርኳቸው ሰዎች ስም፣ ድምፅና ስልክ ቁጥር አለ። ገሚሶቹ ዛሬም አገር ቤት ናቸው። የእድራችን መዝገብም እዚያው ነው፤ ማን እንደታመመ፣ ማን መክፈል እንዳቃተው፣ የማን አስከሬን በስንት ገንዘብ ወደ አገሩ እንደተሸኘ። ልጁን አልጠረጠርኩትም። ነገር ግን አደራውን የሰጡኝ ሰዎች ለእኔ እንጂ ለእርሱ አልሰጡትም። አመስግኜው ሳጥኔን ተሸክሜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ «ታዲያ አንተ ራስህ ክፈተዋ! አራት ብሎን የያዘው ላሜራ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በኮምፒዩተር ስጽፍ ኖሬ ውስጡን አይቼ አላውቅም ነበር። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይመስለኝም። በሰው አገር ስንኖር ነገር እንዳናበላሽ እንጠነቀቃለን፤ የተበላሸ ነገር ለመተካት የስንት ቀን ሥራ እንደሚጠይቅ እናውቃለንና። ከጥንቃቄውም የተነሣ የራሳችንን ዕቃ እንደ እንግዳ ቤት ዕቃ ከሩቅ እናየዋለን።

እንግዲህ ለማያውቅ ወገን በአጭሩ ልንገር። የኮምፒዩተር ዋና ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው። ፕሮሰሰሩ የሚያስበው ነው። ሜሞሪ ወይም ራም የምንለው የሚያስበውን ለጊዜው የሚይዝበት ጠረጴዛ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይራገፋል። ማዘርቦርዱ ሁሉም የሚሰካበትና የሚገናኝበት ትልቁ ሰሌዳ ነው። ጽሑፋችንና ፎቶግራፋችን ያለው ግን ከሦስቱ በአንዱም ላይ አይደለም፤ ዲስኩ ላይ ነው። ይህን ማወቄ ብቻ ግማሹን ፍርሃቴን ወሰደልኝ። ሦስቱን ብለውጥ የጻፍኩት ነገር አይነካም ማለት ነውና።

ታዲያ አንዱን ብቻ ለውጦ ማለፍ አይቻልም ወይ? በአሮጌ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መሰኪያ ከዘመን ዘመን ይለያያል። የእኔ አሮጌ ሜሞሪ ዲዲአር 3 የሚባለው ነበር፤ አዲሱ ማዘርቦርድ ዲዲአር 4 ነው የሚቀበለው። የሁለቱ ቁራጭ ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። ስለዚህ ሦስቱ አብረው ይወጣሉ፤ ሦስቱ አብረው ይገባሉ።

ግዢውን የፈጸምኩት በጁላይ 2025 ነው። ራይዘን 5 5600ጂ የተባለ ፕሮሰሰር 130 ዶላር፣ ኤኤም 4 መሰኪያ ያለው ማዘርቦርድ 100 ዶላር፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ 40 ዶላር፣ አዲስ ኤስኤስዲ ዲስክ 60 ዶላር፤ በድምሩ 330 ዶላር ነው። በፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን «ጂ» ልብ በሉ። ያለ እርሷ የሚሸጠው 5600 ምስል ወደ ስክሪን የሚልክ ክፍል በውስጡ ስለሌለው ለብቻው የግራፊክስ ካርድ ያስገዛል። ሳጥኑንና ፓወር ሰፕላዩን አልለወጥኩም፤ የተለመደው መጠን ነበራቸውና። ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ የተሸጠ ኮምፒዩተር ያላችሁ ግን መጀመሪያ ክፈቱና ተመልከቱ። ብዙዎቹ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው አዲሱ ላይገጥም ይችላል። በ2025 መገባደጃ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ ማዕከላት ሜሞሪውን ጠራርገው ስለገዙት ዋጋው በእጅጉ ንሯል። ከመወሰናችሁ በፊት የዕለቱን ዋጋ ጠይቁ።

ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት ግን ሦስት ሌሊት የፈጀብኝ ሌላ ሥራ ነበረ፤ እርሱም ያለኝን መገልበጥ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ዲስክ ግን ይለቃል። አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ዝም ይላል። ሁሉንም ወደ ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ገለበጥኩና አንዱን ከቤቴ ውጭ አስቀመጥኩ። የሙያው ሰዎች ሕግ ይኸው ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ቦታ።

በዲስኩ ላይ የእኔ ያልሆነም ነገር ነበረ። በእኛ ከተማ በ1990ዎቹ ጋዜጣ ያዘጋጁ የነበሩ አንድ አባት የጽሑፎቻቸውን ፍሎፒ ዲስኮች ሰጥተውኝ ከዓመታት በፊት ገልብጬአቸው ነበር። ስልክ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ጽሑፎች ወደ አዲሱ ላዛውር ነው። የተጻፉት በምን ፕሮግራም ነበር?»

«ፕሮግራሙን ተወውና ፊደሉን ፈልግ ልጄ» አሉኝ። «ፊደሉን ጥለህ ጽሑፉን ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ። ያለ ፊደሉ ጉንዳን የሄደበት ወረቀት ነው የሚሆንብህ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደላቱን በገዛ ራሱ ሥርዓት ያስቀምጥ ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ገጽ የተጻፈበት የፊደል ፋይል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። አዲስ ዊንዶውስ በአዲስ ዲስክ ላይ ሲጫን እነዚያ አሮጌ የፊደል ፋይሎች አብረው አይመጡም። ስለዚህ ከአሮጌው ኮምፒዩተር የፊደሎች ማኅደር ውስጥ አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣኋቸው። ገጾቹንም አሮጌው ኮምፒዩተር ገና በሕይወት ሳለ ከፍቼ ወደ ፒዲኤፍ ለወጥኳቸው። ከመካከላቸው የሞቱ ወገኖች ዜና ዕረፍት፣ የጠፉ ዘመዶች ማፈላለጊያና የመጀመሪያው የአዲስ ዓመት በዓላችን ጥሪ አሉ። ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው።

የመክፈቻው ቀን ቅዳሜ ነበር። ገመዱን ከሶኬት ነቀልኩ፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ። ምንጣፍ ላይ መሥራት አይመከርም፤ ከሰውነታችን የሚወጣው ትንሽ ብልጭታ ዕቃውን ያቃጥላልና። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ በየጊዜው የሳጥኑን ብረት እነካ ነበር። ፓወር ሰፕላዩ ግን ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ እርሱ ራሱ ፈጽሞ አይከፈትም።

ሴት ልጄ የስልኳን መብራት ይዛ «አባዬ፣ ይሄ ምንድነው? ያኛውስ?» እያለች አጠገቤ ቆመች። አሮጌውን ማዘርቦርድ ከመንቀላችን በፊት እያንዳንዱን ሽቦ ፎቶግራፍ አነሣችልኝ። አዲሱ ፕሮሰሰር ከሥሩ 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት። የመያዣው ዘንግ ይነሣል፤ በማዕዘኑ ላይ ያለችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከመሰኪያው ምልክት ጋር ትገጥማለች፤ ፕሮሰሰሩ ያለ ምንም ግፊት በራሱ ክብደት ይገባል። ጉልበት ካስፈለገ አቀማመጡ ልክ አይደለም ማለት ነው። ሜሞሪው በአንጻሩ ቀጭ እስኪል መጫን ይፈልጋል። አብሮት የመጣው ማራገቢያ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ተቀብቶ ነው የተሸጠው፤ ካልተቀባ ሽንብራ የምታህል ጠብታ ትበቃለች። ማዘርቦርዱ ከሳጥኑ ላሜራ ጋር እንዳይነካካ በትንንሽ የብረት እግሮች ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ትልቁ ባለ 24 እግር የኃይል ገመድ፣ ቀጥሎም ለፕሮሰሰሩ የሚሄደው ባለ 8 እግር ገመድ ይሰካል።

ሥራው አራት ሰዓት ያህል ወሰደ። ስናበራው ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ለጥቂት ጊዜ ጨለማ ሆኖ ቆየ። ማዘርቦርዱ አዲሱን ሜሞሪ ሲለማመድ እንዲህ እንደሚያደርግ አንብቤ ስለነበር እጄን ሰብስቤ ጠበቅሁ። ልጄ ናት ቀድማ ያየችው። «አባዬ፣ መጣ!» አለች።

ይህን ለመሞከር የምታስቡ ወገኖች ሁለት ነገር እንዳትዘነጉ። አንደኛ፣ ዲስካችሁ ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ማዘርቦርድ ሲለወጥ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃችኋል፤ አስቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ያለ እርሱ ዲስኩ ለባለቤቱም አይከፈትም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውሳችሁ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሸጠ ከሆነ ፈቃዱ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ለብቻው የተገዛ ከሆነ ግን ወደ አዲሱ ይዛወራል። መክፈል ለማይችል ሊኑክስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሁለት የእድራችን አባላት ኮምፒዩተራቸውን ይዘው ቤቴ መጥተው እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እነርሱ ራሳቸው ከፈቱት። የይለፍ ቃላቸውን አልጠየቅኋቸውም። ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ይህን ነገር ቶሎ ይይዙታል፤ እኛ ደግሞ በዲስኩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የማን እንደሆነ እናውቃለን። በየማኅበራችን በወር አንድ እሑድ ሁለቱን ወገን በአንድ ጠረጴዛ ብናስቀምጥ ወጪው አንድ ካቻቢቴና አንድ ጀበና ቡና ነው። በየቁም ሣጥናችሁ ያሉትን አሮጌ ዲስኮችና ፍሎፒዎች ግን እስከዚያው እንዳትጥሏቸው አደራ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።