«ወረሰ» ስለሚለው ግሥ

«ወረሰ» ሁለት ፊት ያለው ግሥ ነው። ልጅ ያባቱን ርስት ሲረከብ ወረሰ ይባላል፤ መንግሥት የሰው ቤት ሲነጥቅም ወረሰ ይባላል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህ በሕዝቡ አንደበት ሁለተኛው ፊት አይሏል። «የተወረሰ ቤት» ሲባል ከአያት የተገኘ ቤት ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

በሚኔሶታ መንታ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ የምንገኝ ተማሪዎች ይህን ቃል በአንድ ጆሮ አንሰማውም። ከመካከላችን አያቶቻቸው ጭሰኞች የነበሩ አሉ፤ ለነሱ የዚያው ዓመት የካቲት የገጠር መሬት አዋጅ የተነጠቀን መመለስ ነው። ቤተሰቦቻቸው ለፍተው የሠሩት ቤት የተወረሰባቸውም አሉ። ክርክሩ ቡና ሲፈላ ይጀመራል፤ ሦስተኛው ሲወርድም አይቋጭም።

እንግሊዝኛው «አፕሮፕሪዬሽን» የሚል ሰፋ ያለ ቃል አለው። የዋሽንግተን ምክር ቤት በጀት ሲመድብም፣ ሠዓሊ የሌላውን ምስል ወስዶ የራሱ ሥራ ሲያደርግም፣ ባለጉልበት የሌላውን ሀብት ሲይዝም ቃሉ ያው ነው። በጀቱ ለሒሳብ ሹሞች ይቆይልን። የሠዓሊው መውሰድና የባለጉልበቱ መውሰድ እንዴት እንደሚገናኙ ግን እዚሁ ሚኒያፖሊስ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1862 መሬቱን በውል ስም ያጣው፣ የተገባለት ክፍያ የዘገየበትና የተራበው የዳኮታ ሕዝብ ከሰፋሪዎችና ከአሜሪካ ጦር ጋር ተዋጋ። ተሸነፈም። ዲሴምበር 26 ቀን ማንኬቶ በተባለችው ከተማ 38 የዳኮታ ወንዶች በአንድ መስቀያ ላይ ባንድ ጊዜ ተሰቀሉ፤ በአሜሪካ ታሪክ ከዚህ የበለጠ የጅምላ ስቅላት አልተፈጸመም። ከ300 በላይ የሞት ፍርዶች ቀርበውለት፣ አብዛኞቹን ሽሮ የነዚህን ያጸደቀው ባሮችን ነፃ በማውጣቱ የሚወደሰው አብርሃም ሊንከን ነው። 1,600 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ያንን የበረዶ ወራት በፎርት ስኔሊንግ ሥር ታጉረው አሳለፉ። ስፍራው እኛ ከአውሮፕላን ከወረድንበት ጣቢያ አጠገብ ነው።

በ2017 ዎከር የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል፣ ሳም ዱራንት የተባለ ነጭ አርቲስት የሠራውን «ስካፎልድ» የተሰኘ ትልቅ የእንጨትና የብረት ሥራ በከተማው የቅርጻ ቅርጽ አትክልት ስፍራ አቆመ። ሥራው በታሪክ የታወቁ መስቀያዎችን ያጣመረ ሲሆን አንዱ የማንኬቶው ነበር። አርቲስቱ የሞት ቅጣትን ለመንቀፍ ማሰቡን አንጠራጠርም። የዳኮታ ሰዎች ግን በአጥሩ ማዶ ያዩት የአያቶቻቸውን መስቀያ ነው፤ ጎብኚ የሚወጣበት ደረጃም ነበረው። አስቀድሞ ያማከራቸው አልነበረም። ከተቃውሞው በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ከጁን 2 ቀን ጀምሮም ሥራው በዳኮታ ሥርዓት መፍረስ ያዘ፤ እንጨቱም ኋላ ተቀበረ። ለኛ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ አርቲስቱ በሥራው ላይ የነበረውን የባለቤትነት መብት ለዳኮታ ሕዝብ ማስረከቡ ነው። ከመነሻው የተወሰደው ሐዘኑን የመናገር ሥልጣን ነበርና፣ የተመለሰውም እሱ ነው።

ባለቤቱ ሳይጠየቅ መወሰድን የኛም አገር ታውቀዋለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆምዝ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነበረ። ዘረፋው በሐራጅ ሲሸጥ እሱ ገዢ ሆነ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ለንደን ገቡ። (ለሙዚየሙ የግዕዝ መጻሕፍት በ1877 እ.ኤ.አ. የታተመው ካታሎግ ግሩም ሥራ ነው፤ ሊቅነት ሌብነትን አያነጻም እንጂ።) ከከተማችን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ግን ሌላ መንገድ ተከትሏል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ፣ 9 ሺህ ያህል የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ። ብራናው ከባለቤቱ ዘንድ ቀርቶ ምስሉ ብቻ ባሕር ተሻገረ። በ1975 እ.ኤ.አ. በወታደሮች ጥይት ቆስለው እግራቸው ሽባ የሆነው ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ፣ በስደት እዚያ ተቀምጠው የነዚያን ፊልሞች ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖሩ፤ ያረፉትም በ2021 ነው። የመጀመሪያው ፊት ያለው መውረስ ይህን ይመስለናል።

ነገሩ ወደ ራሳችን ብዕር ሲዞር ይከብዳል። ከአባሎቻችን አንዱ ስለ ቀይ ሽብር ቴአትር ጽፏል፤ በአንደኛው ትዕይንት ቤተሰብ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቃል። ወንድማቸውን በዚያ መልክ ያጡ፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ በበዓል ድፎ ዳቦ ጋግረው የሚጠሩን ሁለት እህትማማቾች ሴንት ፖል ይኖራሉ። ገሚሶቻችን «የሕዝብ ታሪክ የሕዝብ ነው፤ ደራሲ ፈቃድ ከለመነ ገዢን የሚወቅስ ቴአትር አይጻፍም» አሉ። ሌሎቻችን ገዢን ለመውቀስ ፈቃድ እንደማያሻ፣ የሰው ለቅሶ ለመዋስ ግን እንደሚያሻ ተከራከርን፤ ይኸኛው አሳብ አሸነፈ፤ ጽሑፉም ለሁለቱ ተሰጠ።

ታላቂቱ ትዕይንቱ ይቅር አላሉም። ተዋናይዋ ግን ማልቀስ የለባትም አሉ፤ ያን ጊዜ ማልቀስ ተከልክሎ ነበርና እነሱም አላለቀሱም። ታናሺቱ ጽሑፉን እስካሁን አልመለሱልንም።