ጥገና አይቆጠርም

እኔ ስሞላው በኖርኩት ቅጽ ላይ ጥገና የሚባል ዓምድ አልነበረም። «አዲስ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር» የሚል ነበር። «የተሳተፈ ሕዝብ፣ ወንድ፣ ሴት» የሚልም ነበር። የተተከለ ችግኝ፣ የተቆፈረ ትሬንች፣ የተከለለ ተራራ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ነበረው። አያት የካበውን ካብ የልጅ ልጅ ከዝናብ በፊት ዞር ዞር ብሎ አይቶ የወደቀውን ድንጋይ መልሶ ቢሰካ ግን የሚጻፍበት መስመር የለም። ይህን የማነሣው ጥፋቴን በወረቀት ላይ ለማላከክ አይደለም። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ያ መስመር እንዲጨመርም አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሥራዬ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ያጠፋሁት በሐረር ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ነው። የቀበሌውን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ያርሳሉ፤ ገመናቸውን አደባባይ እንዳወጣ ፈቃድ አልሰጡኝም። የራሴን ግን ልናገር።

ከየት እንደተነሣሁ ሳልናገር ጥፋቱ አይገባችሁም። ጀጎል ውስጥ ነው ያደግሁት። የከተማችን ውሃ ለብዙ ዓመታት የሚመጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። የተማርኩትም እዚያው ሐይቁ አጠገብ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ስሙ ዓለማያ በነበረበት ዘመን ነው። በ1940ዎቹ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ድጋፍ በኮሌጅነት ሲቋቋም ማስተማር፣ መመራመርና የተገኘውን ለገበሬው ማድረስ የሚሉ ሦስት ሥራዎች ተሰጥተውት ነበር። ሦስተኛዋን ሥራ እኛ ተማሪዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የተረዳናት፤ ከእኛ ወደ እሱ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይቀዝፍበት የነበረው ቦታ ከብት ገባበት፤ ቆየት ብሎም ማሽላ ተዘራበት። ምክንያቱ ብዙ ነው። ከዙሪያው ተዳፋት የተጠረገው ደለል ወለሉን ሞላው፤ ለጫትና ለአትክልት በየአቅጣጫው ፓምፕ ተተከለ፤ ከተሞቹም ጠጡት፤ ሐረር፣ አወዳይ፣ ሐረማያ፣ ዩኒቨርሲቲውም ጭምር። ሐረር ያኔ በቢጫ ጀሪካን ውሃ እየጠበቀች አደረች። በኋላ ውሃ ከድሬዳዋ ቆላ፣ 70 ኪሎ ሜትር ከሚያልፍ ርቀት፣ ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ መጣልን። እናቴ ጀሪካኑን ይዛ ስትሰለፍ እያየሁ ጥፋተኛ ፈለግሁ። ያገኘሁት ደግሞ ገበሬውን ነው። ውሃውን የጠጣነው እኛ ከተሜዎቹም ነን ብዬ አላሰብኩም። ወደ ተዳፋቱ የወጣሁት ሰው ልረዳ ሳይሆን ሰው ላርም ነው። ሐይቁ ባለፉት ዓመታት እንደገና ውሃ ይዟል፤ ያ ንዴት ግን በጊዜው የሠራውን ሠርቶ ነበር።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሲቀጣጠል፣ በየዓመቱ በበጋው ወራት ገበሬው በነፃ ጉልበቱ ይወጣ ነበር። ለወረዳው ኮታ ይመጣል፤ ለቀበሌው ይከፋፈላል፤ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይሰጣል። እኔ ከላይ ሆኜ የምቆጣጠር ነበርኩ። ገበሬዎቹ «ኦቦ ሜትር»፣ አቶ ሜትር፣ ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ስም ማውጣት ያውቁበታል።

የሐረርጌን ደጋ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ማሳው ጠባብ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ደህና መሬት አለው ይባላል። በዚያች ላይ ሙይራ ወይም ፈንዲሻ ማሽላ ይዘራል፤ በመሐሉ ቦሎቄ ይገባል፤ በጠርዙ ጫት ይተከላል። ማሽላው ሲሳሳ የሚነቀለው ቡቃያ ደጅ ለታሰረው ሰንጋ ይሰጣል። ተዳፋቱን ይዞ ያቆመው የድንጋይ ካብ ነው። ካቡን አንድ ዘመቻ አልሠራውም። በእርሻ ጊዜ የሚወጣው ድንጋይ በየዓመቱ ጠርዝ ላይ ይደረደራል፤ ጎርፍ ያመጣው አፈር ከጀርባው ይተኛል፤ ጠና ያለ ሥራ ሲሆን ጎረቤት በጉዛ፣ በደቦ፣ ይጠራል። ሁለት ሦስት ትውልድ ሲያልፍ መሬቱ ራሱ ደረጃ ሠርቶ ይቀመጣል። ከማሳው ሁሉ ጥልቁና ጥቁሩ አፈር ያለውም እዚያ፣ ከካቡ ጀርባ ነው።

እኔ ያየሁት የተጣመመ መስመር ብቻ ነበር። እኛ የተማርነው ሁለት ዘንግ ተተክሎ፣ 10 ሜትር ገመድ ተወጥሮ፣ መሐሉ ላይ የውሃ ልክ ተንጠልጥሎ፣ መስመሩ ፍጹም አግድም ሲሆን እርከን ይባላል ተብለን ነው። የእነሱ ካብ አግድም አልነበረም። የማሳውን ወሰን ተከትሎ ይሄድና ወደ አንድ ጎን ዝቅ ይላል፤ ጫፉ ላይ ከቋጥኝ ጋር ሲገናኝ ክፍት ነው። በማስታወሻዬ «ባህላዊ፣ ደረጃውን ያልጠበቀ» ብዬ ጻፍኩ። ደረጃውን ባልጠበቀ ነገር ላይ ጥገና ቢደረግ ደግሞ ከኮታው አይቀነስም።

ስለዚህ ካቡ ፈርሶ ድንጋዩ ለአዲሱ እርከን እንዲውል አዘዝኩ። ድንጋይ ከሩቅ ማመላለስ ጊዜ ይፈጃል፤ ኮታው ደግሞ የቀን ገደብ ነበረው። እዚህ ጋ ሒሳቡንም ልናገር፣ ያኔ አልተናገርኩትምና። 25 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1.5 ሜትር ሲያዝ፣ በየ6 ሜትሩ አንድ እርከን ይመጣል። የካቡ ወርድ ከቦዩ ጋር 1 ሜትር ቢሆን እንኳ ከመሬቱ አንድ ስድስተኛው ሄደ ማለት ነው። ግማሽ ሄክታር ካለው ሰው ላይ አንድ ስድስተኛ መውሰድ ምን እንደሆነ ቤተሰቡን ከዚያ የሚያበላ ሰው ያውቀዋል።

ካቡ ከሚፈርስባቸው ማሳዎች የአንዱ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ መጡ። አልጮሁም። «ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ መውጫ ይፈልጋል» አሉኝ፤ በጫፍ ያለውን ቋጥኝም አሳዩኝ። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ግን ይህችን ለመረዳት ይበቃ ነበር። ገብቶኛል። አለመግባት ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ለእሳቸው የመለስኩላቸው ስለ ውሃው አልነበረም፤ ስለ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ነበር። አዋጁ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት እንዳይታረስ ይከለክል ነበር፤ ከ31 እስከ 60 ባለውም ጠረጴዛማ እርከን ሳይሠራ ዓመታዊ ሰብል አይዘራም ይል ነበር። የእሳቸው መሬት ከሁለቱም ውስጥ አይገባም ነበር። አውቅ ነበር። ቢሆንም «መሬቱን ያልጠበቀ የመጠቀም መብቱን ሊያጣ ይችላል» አልኳቸው። ከኪሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለውን የይዞታ ደብተራቸውን አውጥተው ሰጡኝ። መልሼ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ድንጋዩን ለማንሣት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጎንበስ አሉ።

ይህን ሳስብ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ በልጅነቴ እጄን እያስነካሁ የሮጥኩበት ግንብ ነው። ግርጌው ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ ጅብ ማታ ማታ የሚገባባቸው፣ ዝናብ ሲጥልም የከተማው ጎርፍ የሚወጣባቸው። ግንብ እንኳ ለውሃ መውጫ እንደሚተውለት ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ ረሳሁት።

ዝናቡ የመጣው በበልግ፣ በሚያዝያ ነው። አንድ ከሰዓት ብቻ ጣለ። አግድም የተሠራ እርከን ውሃን ይይዛል፤ ዝናብ ለሚያጥረው መሬት ሸጋ ነገር ነው። ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት ግን ዝቅተኛው ነጥቡ ላይ ይሰበራል፤ የላይኛው ሲሰበር የታችኛው የሁለቱን ውሃ ይቀበላል፤ እንዲህ እያለ እስከ ግርጌው ይወርዳል። የእኛ ካብ ገና ያልተጠቀጠቀ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን በአሮጌዎቹ ካቦች ቦታ የሆነው ነው። ድንጋዩን ስናነሣ ከጀርባው ለትውልድ የተጠራቀመውን አፈር ራቁቱን ትተነው ነበርና ያ ጥቁር አፈር ተናደ። በነጋታው ስደርስ ከላይ እስከ ታች ቦረቦር ተከፍቶ ጠበቀኝ።

ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1970ዎቹ የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ከጣቢያዎቹ አንዱን እዚሁ ሐረርጌ፣ ሁንዴ ላፍቶ ላይ አቋቁሞ ነበር። ከዚያ ምርምር የወጣው ግምት ከሀገራችን እርሻ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይጠረጋል ይላል። ይህን ቁጥር በየስብሰባው ለገበሬው እየጠቀስኩ «አያችሁ!» እል ነበር። በዚያ ከሰዓት ከዚያች ማሳ ስንት ቶን እንደወረደ አልለካሁም። መለኪያ ጠፍቶ አይደለም።

የሽማግሌው ባለቤት የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ድንጋዮች የትኞቹ ናቸው?» አሉኝ። የእነሱ ድንጋይ የጎረቤት እርከን ላይ ገብቶ ነበር፤ የጎረቤቱም ሌላው ላይ። እኔ ድንጋይን የማንም ያልሆነ ዕቃ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። በዚህ የተነሣ ሁለት ቤተሰቦች ለረጅም ጊዜ ተኳርፈዋል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የታረቁት።

ታዲያ ቢሮ ተመልሼ ምን ጻፍኩ? የእርከኑን ኪሎ ሜትር እንዳለ መዘገብኩ፤ ተሠርቷል፣ ፎቶውም አለ። ስለ ቦረቦሩ ደግሞ «በባለይዞታዎቹ የጥገና ጉድለት» ብዬ ጻፍኩ። ጥገና በእኔ መዝገብ የተጠቀሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለወቀሳ። ከዚሁ ጋር ለሥራው ያልተባበሩ ሰዎች ዝርዝር ይጠየቅ ነበርና የሽማግሌውን ስም አስገባሁ። በሚቀጥለው ዓመት የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሲመረጡ ያ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልተመረጡም። በዝርዝሩ ምክንያት ነው ብሎ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በየቦታው ገበሬው በዘመቻና በምግብ ለሥራ የሠራውን እርከን ሲያፈርስ፣ መምህሮቻችን «ግንዛቤ ማነስ» ይሉት ነበር። እኔም እንዲያ ብዬ ለጓደኞቼ አስረድቻለሁ። ዛሬ ሳየው እርከን ጠልተው አልነበረም። በራሳቸው እጅ የካቡትን ማን አፈረሰው? በአወዳይ መንገድ ያሉትን የጫት ማሳዎች ተመልከቱ፤ ዘመቻ ያልደረሰባቸው፣ ካባቸው ግን የተስተካከለ ነው። መሬቱ የሚያበላው ሰው ካቡን ማንም ሳያዘው ይጠግናል። ባለሙያው የሚያስፈልገው ከላይ ከመንገድ የሚመጣውን ጎርፍ ለማስቀየስ፣ ለብቻ የማይሞከረውን ቦረቦር በክትር ለመያዝ፣ ለካቡ ጠርዝ የሚሆን የሣር ዘር ለማምጣት ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ትቼ፣ እነሱ የሚችሉትን ልሠራላቸው ሄድኩ።

ሽማግሌው አርፈዋል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጃቸው ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ፣ ዝርዝሩን ጨምሮ፣ ነገርኩት። ስለ ዝርዝሩ አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና «ድንጋይ ነው የሚያስፈልገን» አለ። ሐረር ላይ ግንባታ በዝቶ ስለነበር ድንጋይ ዋጋው ንሮ ነበር። በገልባጭ ገዝቼ ላክሁ፤ ለላይኛው ማሳ በቃ፤ ለቦረቦሩ አልበቃም። ቦረቦሩ ዳር ዝሆኔ ሣር ተክለዋል፤ ግማሹ ይዟል።

የሪፖርቱ ቅጂ እጄ ላይ አለ። መሥሪያ ቤቱ እንዲያርመው ማመልከቻ አስገብቼ ነበር፤ የተዘጋ የበጀት ዓመት ሪፖርት አይከፈትም አሉኝ። ስለዚህ እዚህ አርመዋለሁ። እርከኑ የፈረሰው በባለይዞታዎቹ የጥገና ጉድለት አይደለም። ቆሞ የነበረ ካብ በእኔ ትእዛዝ ስለተነቀለ፣ ለውሃውም መውጫ ስላልተተወለት ነው። ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ነበር። ስማቸው አልተባበሩም ከተባሉት መካከል በሦስተኛው ተራ ይገኛል፤ እዚያ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።