በአገው ምድር የአእምሮ ሕመምና የሐኪም ደጅ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ዳንግላን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲቃረብ አየሩ እየቀዘቀዘ፥ ምድሩም እየለመለመ መሄዱን ያስተውላል። እኛም በአንድ የጥር ወር በዚሁ መንገድ በተጓዝን ጊዜ የቀርከሃውን አጥርና የድንቹን እርሻ፥ በእንጅባራም አጠገብ በተራራ ጕድጓድ ውስጥ የተኛውን የዘንገናን ሐይቅ እያየን ደስ አለን። ይህ የአዊ አገር የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ ፈረሶች በጌጥ ተሸልመው ይወጣሉ፤ በዐድዋ ዘመቻ የዋሉት ፈረሶችም ውለታ ይታሰባል።

ነገር ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ፈረሱ ጌጥ አይደለም፤ በዳንግላ ከአንድ አረጋዊ ገበሬ ስለ ሰማነው ነገር ነው። እኒህ ሰው ልጃቸውን ከሐኪም ዘንድ አሳይተው ሲመለሱ አገኘናቸው። «ልጄ እንቅልፍ አጥቶ ለብቻው መናገር ከጀመረ በኋላ፥ ሰው እንዳያይብኝ ሦስት ዓመት በጓዳ አኖርሁት። ፈረሴ ባነከሰ ጊዜ ግን ሳላድር መድኃኒት ዐዋቂ ጠርቻለሁ» አሉን። ይህን ተናግረው ዝም አሉ፤ እኛም መልስ አጣን።

ቈይተን «አባታችን፥ ስለ ምን ይህን ያህል ዘገዩ?» ብለን ጠየቅናቸው። የመጀመሪያው ምክንያት እፍረት ነበር፤ ይኸውም «የእብድ ዘር» ተብለን ሴት ልጄ ባል ታጣለች ብለው ፈሩ። ሁለተኛው፥ ነገሩ ክፉ መንፈስ ብቻ መስሏቸው ሐኪም የሚያውቀው ደዌ መሆኑን አልሰሙም። ሦስተኛው የመንገዱና የመድኃኒቱ ወጪ ነው፤ ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅምና። በዚህም ላይ ጸጥታ ታውኮ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይቋረጣል። ደግሞም በአውንጂ ቋንቋ ላደገ ሰው የውስጡን ጭንቀት በሌላ ቋንቋ መግለጽ ቀላል አይደለም።

የረዳቸውስ ምንድር ነው? አንድ የዕድር ጎረቤታቸው ነው። ይህ ሰው የገዛ ወንድሙ ታክሞ እንደ ተሻለው ሳያፍር ነገራቸው፤ አብሯቸውም ሄደ። ልጁ ጠበል መጠመቁን ሳይተው መድኃኒቱን እንዲወስድ መከረ። ዛሬ ልጁ ይተኛል፥ ወደ እርሻም ይወጣል። አንድ ጊዜ ግን «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ቢተው ሕመሙ ተመልሶበት ነበር።

ቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል፥ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በአዲስ አበባ የተሠራው አማኑኤል ብቻ ሆኖ ብዙ ዘመን ቈይቷል፤ ከእንጅባራ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በ2001 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ተራው የጤና ባለሙያ ይህን ሕመም ማከም እንዲችል የሚያሠለጥን ዕቅድ አወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ የሚያዝዝ የአእምሮ ጤና ስልት አቆመች። ነገር ግን ሐኪም ቢቀርብም፥ በሽተኛው በጓዳ ተሰውሮ ከተቀመጠ መቅረቡ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ሥልጣን ያላችሁና በአገር የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በየቤታችሁና በየዘመዳችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ቢገኝ አትሰውሩት። ቃላችሁ ይሰማልና፥ «ወንድሜ ታክሟል» ብትሉ ብዙ የተዘጋ ጓዳ ይከፈታል። በየዕድሩም በሽተኛውን ከሐኪም የሚያደርስ፥ ቋንቋውን የሚያውቅና መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚያስታውስ አንድ ሰው ይመደብ። እኒያ አባት ሲሰናበቱን «ሦስቱን ዓመት ማን ይመልስልኛል?» አሉን። እኛም ያን ዘመን ልንመልስላቸው አልቻልንም፤ ለሌላው ቤት ግን ጊዜው ገና አላለፈም።