ያልጾምሁት ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞች ዘንድ «ጾመኛው ዲያቆን» እየተባልሁ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። በፍስክ ቀናት ሌላው ሥጋና እንቁላል ሲበላ እኔ በሽሮ ስለምቀጥል ትጋት መሰላቸው። (በበዓለ ሃምሳ ጾም እንደሌለ እንኳ ያስታወሰኝ አልነበረም።) እኔም አላረምኋቸውም። እውነቱ ግን የእንቁላል ሽታና የሥጋ ልስላሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬን ይዘጋዋል።

«የጥጋብ ነገር ነው» ትሉ ይሆናል፤ ቤተሰቦቼም እንዲሁ ይሉ ነበር። ነገር ግን ጭንቀቱ የሚጀምረው ገበታው ከመቅረቡ በፊት ነው። ማኅበር ወይም ሠርግ ስጠራ አስቀድሜ የማስበው ማን እንደሚያጎርሰኝ ነው። በእኛ ዘንድ ጉርሻ ፍቅር ነውና ፊትን ማዞር ሰውን ያስቀይማል። ስለዚህ «ፈተና አለብኝ» ማለትን ለመድሁ። መጀመሪያ ከማዕዱ ቀረሁ፤ ቀጥሎ ከሰዎቹ። ያለፈውን ፋሲካ በማደሪያ ክፍሌ ብቻዬን አሳለፍሁ። እናቴ የድርሻዬን እንቁላል ሦስት ቀን አስቀምጣልኝ እንደ ነበር የሰማሁት ከእኅቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ ጥንት ጉባኤያት ሳነብ እ.ኤ.አ. በ314 በአንቂራ፣ በዛሬዋ አንካራ፣ የተሰበሰቡ አባቶች የደነገጉት ዐሥራ አራተኛው ቀኖና አስደነገጠኝ። ከሥጋ የሚከለከሉ ቀሳውስትና ዲያቆናት ይቅመሱት፣ ከዚያም ከፈለጉ ይተዉት፤ ተጸይፈውት ከሥጋ ጋር የተሠራውን አትክልት እንኳ እንቢ ካሉ ግን ከሥልጣናቸው ይሻሩ ይላል። ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ።

«ምግቡ ርኩስ ነው ትላለህን?» አሉኝ።

«አልልም፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ ቀኖናው አንተን አይመለከትም። ጾመኛ ሲሉህ ዝም ማለትህ ግን ይመለከትሃል። ጾም የሚወዱትን መተው ነው፤ አንተ የተውኸው የማትችለውን ነው።» ሐኪምም እንዳማክር አዘዙኝ። ይህን ከእርሳቸው አልጠበቅሁም ነበር።

በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ያገኘኋት አማካሪ እንዳስረዳችኝ፣ ምግብን ከመጠን በላይ መሸሽ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ባሳተመው መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። መነሻው ለመክሳት መፈለግ አይደለም፤ ሽታ፣ ልስላሴ ወይም የመታነቅ ፍርሃት ነው። ምግብ የሚመርጥ ሁሉ ግን ሕመምተኛ አይደለም፤ አካልን ሲጎዳ ወይም ከሰው ሲለይ ነው ለሐኪም የሚነገረው። ጭንቀቱና ምርጫው እርስ በርስ እየተመጋገቡ እንደሚያድጉም ነገረችኝ። መፍትሔው ቀስ በቀስ መልመድ እንጂ በግድ መጉረስ አይደለም።

ለወንድሞች እውነቱን ነገርኋቸው። አንዱ ሳቀ። ሌላው ግን ከጉባኤው በኋላ ወደ ጎን ወስዶ፣ «እኔ ደግሞ ሽሮም ምስርም ከአፌ አያልፍልኝም፤ በሁዳዴ የምታመመው ለዚያ ነው» አለኝ። አሁን ረቡዕና ዓርብ ካፌ አብረን እንገባለን፤ እርሱ ድንቹን፣ እኔ ሽሮውን እንካፈላለን።

እናቴ ለመጪው ፋሲካ ሽሮ ልትሠራልኝ አስባለች። ከእንቁላሉም ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ እንድታስቀምጥልኝ ለምኛታለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።