የመቱ ክረምትና የኒው ዮርኳ ካፌ

በኢሉባቦር ዝናቡ ከሚያዝያ ጀምሮ ይገባና እስከ ጥቅምት ድረስ እንግድነቱን ይረሳል። ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መቱም ከዚህ ሲሳይ አልተነፈገችም። ሐምሌ ሲገባ የሶር ወንዝ ይደፈርሳል፤ የቤቱ ቆርቆሮ ሌት ተቀን ይደበደባል፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው። ገበሬው ያለፈውን ዓመት ገንዘብ ጨርሶ የመጪውን ዓመት ገንዘብ በዛፍ ላይ እያየ የሚኖርበት ወቅት ይህ ነው። መምህራን ደግሞ የሚያነቡበት።

እንዲህ ባለ አንድ ክረምት አንዲት የመቱ የእንግሊዝኛ መምህርት አሜሪካ ከሚኖር የአክስቷ ልጅ የተላከላትን መጽሐፍ ይዛ ከመስኮቷ ሥር ተቀመጠች። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ካፌይን የሌለው ሬሳ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሲሆን፣ በ2003 በጀመረ አንድ ተከታታይ የልብ ወለድ ረድፍ ውስጥ የሚገኝ ነው። የደራሲዋ ስም ክሊዮ ኮይል ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ ግን የብዕር ስም ነው፤ ከበስተጀርባው አሊስ አልፎንሲና ማርክ ሴራሲኒ የተባሉ ባልና ሚስት አሉ። ባለታሪኳ ክሌር ኮዚ በኒው ዮርክ፣ በግሪንዊች ቪሌጅ ሠፈር፣ የአንድ አሮጌ ካፌ ሥራ አስኪያጅ ናት። «ካፌ» ያልነው ወደን አይደለም። በእኛ አገር «ቡና ቤት» ያሉ እንደሆነ ቢራና ካቲካላ እንጂ ቡና የሚጠብቅ የለምና።

የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ የራሱ ወግ አለው። ሰው ይሞታል፤ ደሙ ግን አንባቢው ፊት አይፈስስም። ገዳዩን የሚያድነው ፖሊስ ሳይሆን እንጀራዋን በሌላ ሙያ የምትበላ አንዲት ነገር አዋቂ ሴት ናት። ሠፈሩ ትንሽ፣ ተጠርጣሪዎቹ የሚተዋወቁ፣ ወሬው የሚዛመት ነው። በመጨረሻም ወንጀለኛው ይታወቃል፤ ከመጽሐፉ ጀርባም የኬክና የቡና አሠራር ይሰጣል። ዘሩ ሲቆጠር እ.ኤ.አ. በ1930 የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ካገኘችው ከአጋታ ክሪስቲ ባልቴት፣ ከሚስ ማርፕል ይደርሳል።

መምህርቷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጽሐፉን ባልደረቦቿ ሲመጡ ከትራሷ ሥር ትሸሽገው ነበር። ይህ የእርሷ ብቻ ሐፍረት አይደለም። በእኛ የሥነ ጽሑፍ ክበቦች «ጊዜ ማሳለፊያ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን በማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች፣ በይልማ ሀብተየስም የወንጀል ልብ ወለዶች ሌሊቱን ያነጋ አንባቢ ስንቱ ነው! ብዙው የአገራችን ሰው ረጅም ጽሑፍ ገፍቶ መጨረስን የተለማመደው በእነዚህ መጻሕፍት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ቀጥሎ ምን ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የንባብ ሁሉ ታናሽ ሳይሆን ታላቅ ወንድም ነው። የክሌር ኮዚ ታሪክ የነፍስን ጥልቀት አይቆፍርም፤ የጻፉትም ይህን እናደርጋለን አላሉም። ቡናው ሲቆላ እንዴት እንደሚሸት ግን ያውቃሉ። ቡና እያጠጣ የሚያሳድግ አገር ይህን ብቻውን እንኳ በምስጋና ሊቀበለው ይገባል።

የሐፍረቱን መጋረጃ የገፈፉት ጎረቤቷ ናቸው፤ ሰባ ዓመት የተሻገሩ፣ ከጓሯቸው ቡና የማይታጣ፣ ከሰዓት በኋላ ረከቦታቸው ሳይዘረጋ የማይውል እናት። መምህርቷ አንድ ቀን በአቦሉ ላይ ታሪኩን ጀመረችላቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያነበበችውን ከፊሉን በአማርኛ፣ ከፊሉን በኦሮምኛ ማውራት ግዴታዋ ሆነ፤ ጎረቤቶችም ለዚሁ ሲሉ ዝናቡን ሰንጥቀው ይመጡ ጀመር። ቡናና ሬሳ በአንድ ላይ መነሳታቸው በዚያ ቤት ማንንም አላስደነገጠም። በኦሮሞው ባህል «ቡነ ቀላ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ትርጉሙ ቡናን ማረድ ነው። ፍሬው ከነገለባው ጫፉ ይነከሳል፤ በቅቤም ይጠበሳል፤ ምርቃት ይወርድበታል። ያ ሥርዓት ቡናን እንደ ታረደ ከብት በአክብሮት ይቆጥረዋል።

«እስቲ ንገሪን ልጄ፣ ዛሬስ ማንን ጠረጠረች?» ይሉ ነበር ባልቴቷ፣ ከሰሉን እያራገቡ።

የታሪኩ እንብርት አንዲት ተክል ናት። የክሌር የቀድሞ ባል ወዳጅ የሆነ ሰው በተፈጥሮዋ ካፌይን የሌላት ቡና አብቅቶ በድብቅ ወደ አሜሪካ ያስገባል፤ ገንዘብ የሸተታቸው ሁሉ ይከብቡታል፤ ሬሳም ይገኛል። መምህርቷ እዚህ ስትደርስ የአንድ የድሮ ዜና ትዝታ መጣባትና መጽሐፉን አጠፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1957 ዓ.ም. ገደማ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ኢትዮጵያ ገብቶ ከቡና ጫካዎቻችን ዘር ሰበሰበ። ከዘሩ ከፊሉ ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ብራዚል ተሻገረ። በ1996 ዓ.ም. ሰኔ ወር የብራዚል ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ከዚህ ዘር ከበቀሉት ዛፎች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን አልባ ለመሆን የቀረቡ ሦስት ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ የተለመደው የአረቢካ ቡና በአንድ ግራም ውስጥ 12 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፣ የእነዚህ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነበር። በአዲስ አበባ ቁጣ ተነሣ፤ ዘሩ የማን ነው? የሚል ጥያቄም ተከተለ።

ልብ ወለዱ ቢሆን በአርባኛው ምዕራፍ ሌባውን በእጅ ከፍንጅ በያዘው። የእውነተኛው ጉዳይ ችግር ግን ሌባ የሌለበት መሆኑ ነው። ቡድኑ የመጣው በቀን ብርሃን፣ በይፋ ነበር። ያን ጊዜ የዕፅዋት ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ይባል ነበር፤ አገሮች በዘራቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው ያረጋገጠው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ለፊርማ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የእኛው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ወጣ። ሕግ ሳይጣስ ሰው የሚጎዳበትን ታሪክ ለመጻፍ ከክሌር ኮዚ ሌላ መርማሪ ያስፈልጋል፤ የኛ ደራስያን ለምን እስካሁን እንዳልፈጠሩት ራሱ አንድ ምስጢር ነው።

መምህርቷ ይህን ሁሉ ስትናገር ባልቴቷ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያም በጓሮው በኩል፣ በዝናቡ ውስጥ ወደሚታዩት ዛፎች በአገጫቸው አመለከቱ። «እነዚያን ሟቹ ባለቤቴ ናቸው የተከሏቸው፤ ከእርሻ ሰዎች አምጥተው። የድሮው ቡናችን በበሽታ ጠቁሮ ረግፎ ነበር። ስማቸው ቁጥር ነው አሉን።»

ቁጥሩም የራሱ ታሪክ አለው። የቡናን ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታይ፣ የጅማ ተመራማሪዎች ሳይታመሙ የቀሩ ዛፎችን ፍለጋ በየጫካው ዞሩ። በ1974፣ በዚያው አቆጣጠር፣ በመቱ አካባቢ ቢሻሪ በተባለ ቦታ ከቆሙ እናት ዛፎች 74110 እና 74112 ተመረጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን ይናገራሉ። ዛሬ እነዚህ ቁጥሮች በሩቅ አገር ውድ የቡና ከረጢቶች ላይ ታትመው ይታያሉ። ቢሻሪ የሚለው ስም ግን እምብዛም አይታተምም። ክሌር ኮዚ በምትቀዳው ስኒ ውስጥ የመቱ ዘር ሊኖር እንደሚችል ለማሰብ ልብ ወለድ መጻፍ አያሻም።

«ታዲያ በመጽሐፉ ውስጥ ቡናውን የሚለቅመው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ ባልቴቷ።

መምህርቷ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። የሚቆሉ፣ የሚፈጩ፣ ወተት የሚያስኮርፉ አገኘች። «እስካሁን አላገኘሁትም፣ እማማ» አለች።

«ስንት ገጽ ቀርቶሻል?»

«አርባ ያህል።»

«እንግዲያው ይመጣ ይሆናል» አሉና ጀበናውን ለበረካ መልሰው ጣዱት። መብራት ሄዶ ስለነበር መምህርቷ ወንበሯን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋች፤ ከቆርቆሮው ድምፅ በላይ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ እየተረጎመች ማንበቧን ቀጠለች።