መፍቻ

አማርኛ ለሁለት ነገሮች አንድ ስም ሰጥቷል። ልጅ አፉን የሚፈታበት ቋንቋ አፍ መፍቻ ይባላል፤ መካኒክ ብሎን የሚፈታበት ብረትም መፍቻ ይባላል። በፔዳል የምትሄድ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ እስክገዛ ድረስ ሁለቱ ዝምድና ይኖራቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለማያውቃት አንባቢ ካያክን ላስተዋውቅ። የጥንት ባለቤቶቿ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶች ናቸው፤ በእንጨት ወይም በዓሣ ነባሪ አጥንት ማገር ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ይሠሯት ነበር። የዛሬዋ ግን በአብዛኛው ፕላስቲክ ናት። ለዓሣ አጥማጅ አንድ ችግር ነበረባት፤ ሁለት እጅ መቅዘፊያ ከያዘ ዘንጉን ማን ይያዝ? እ.አ.አ. በ1997 ሆቢ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ እንደ ፔንግዊን ክንፍ ከሥር የሚያራግብ፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ አወጣ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌሎች እንደ ብስክሌት የሚዞር ፔዳልና ፕሮፔለር ያለው ሠሩ። የእኔዋ ከሁለተኛው ወገን ናት። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አሥር ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ወደ ኋላ ሲረገጥ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ግራ እጄ አልፎ አልፎ መሪውን ይነካል፣ ቀኝ እጄ ዘንጉን ይይዛል፣ የቀረውን እግሬ ይጨርሰዋል።

ሳምንቱን ሙሉ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰው በመኪና ሳመላልስ እውላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ፖቶማክ ወንዝ ላይ ስወጣ ግን ማንም «እዚህ ጋ አዙር» አይለኝም። ከዋሽንግተን ዝቅ ብሎ ወንዙ በቀን ሁለት ጊዜ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሜሪላንድ በኩል ማሎውስ ቤይ የሚባል ቦታ አለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጥድፊያ የተሠሩ ከመቶ በላይ የእንጨት መርከቦች ቅሪት እዚያ ተኝቷል። በአንዳንዶቹ ላይ ዛፍ በቅሏል፣ ሥራቸው የዓሣ ቤት ሆኗል። በመካከላቸው ያለ ድምፅ መሄድ የሚቻለው እንዲህ ባለ ነገር ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ዋጋዋን ነው። ያገለገለች ስለሆነች 1,300 ዶላር ገዛኋት። ዋናው ወጪ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው። እ.አ.አ. በ1982 ፖቶማክ ውስጥ የታየ ሃይድሪላ የሚባል አረም አለ፤ በበጋ ፕሮፔለሩ ላይ እንደ ፈትል ይጠመጠማል። ከእሱ የባሰው ሌሎች አጥማጆች በጥሰው የተዉት የናይለን ክር ነው፤ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ገብቶ ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለውን ጎማ ይቆርጣል። ውኃ ከገባ ግሪሱ ወተት ይመስላል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ይበላል። ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ ከዋለች በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለባት። ፀሐይ ላይ ከከረመች ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ በሙቀት ቀን መኪና ጣሪያ ላይ አጥብቀው ካሰሯት ሆዷ ይጎደጉዳል። የተሰነጠቀ እንደሆነ ማጣበቂያ አይዘውም፣ በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ በሙቀት ይበየዳል እንጂ። ከሁሉም በላይ፣ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ብሎን በጉልበት አይጠበቅም። መፍቻው እንቢ ሲል ማቆም ነው፤ አንድ ሩብ ዙር ከጨመሩበት ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ የተበላውን ኩሽኔታ ይዤ የዕቃ መደብር ስገባ የሚያስፈልገኝን አውቃለሁ፣ ስሙን ግን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖሬ የሕግ፣ የባንክና የሐኪም ቤት እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ፤ የጋራዥ ግን የለኝም። እሱን የተማርኩት ባሕር ዳር፣ በአጎቴ ጋራዥ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ። እነዚህን ቃላት ሃያ ዓመት ሙሉ አልተጠቀምኩባቸውም። ካያኳን ስፈታ ግን አንድ በአንድ ወደ አፌ መጡ።

ያኔ ባትሪ የምታበራልኝ ልጄ ነበረች፤ አሥራ አራት ዓመቷ። ከእኛ መካከል ልጅ ያለው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። በአማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እሑድ እሑድ ወደ አማርኛ ትምህርት ወስደናታል፤ ፊደሉን ቆጥራለች፣ መዝሙሩን ዘምራለች፣ ቤት ስትመጣ ግን የሚጠብቃት ሥራ የለም። በቤታችን አማርኛ የቁጣና የምርቃት ቋንቋ ሆኖ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ግን እጄ ግሪስ ነው፣ መፍቻው ከእሷ አጠገብ ነው። «አሥራ ሦስት ቁጥር አቀብይኝ» ስላት ካልገባት ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ገባት። «ያዢው። አብሪልኝ። አላዪው። ትንሽ አጥብቂው።»

አንድ ቀን በድንገት ሳቀች። የአማርኛ አስተማሪዋ «ይህ ፊደል ይጠብቃል፣ ይህ ይላላል» እያለች «አለ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ታነብላት ነበር፤ አንዴ «ተናገረ» ለማለት፣ አንዴ «ይገኛል» ለማለት። ልዩነቱ ሳይገባት አንድ ዓመት አለፈ። መፍቻውን ይዛ «እንደ ብሎን ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ እንደ ብሎን ነው። ከዚያ ወዲህ ስትናገር ስታጠብቅና ስታላላ እሰማለሁ።

ከእናቴ ጋር በስልክ የነበራቸው ወግ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም ነበር፤ «ደህና ነሽ የኔ እናት?» «ደህና ነኝ እማማ»፣ ከዚያ ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል። በዚያ ሰሞን እናቴ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቀቻት። «የአባዬን ታንኳ እየሠራን ነው። ኩሽኔታው ተበላ» አለቻት። እናቴ ከባሕር ዳር «ታንኳ ደግሞ ምን ኩሽኔታ አለው!» ብላ እስክትፈርስ ሳቀች። ቀጥላም የጣናን የደንገል ታንኳ ነገረቻት፤ ውኃ እንደሚጠጣ፣ ከሥራ ሲመለስ ዳር ወጥቶ መድረቅ እንዳለበት፣ ደርቆም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ እንደማያገለግል፣ ከዚያ አዲስ ደንገል ታጭዶ እንደገና እንደሚታሰር። ልጄ ያልገባትን ቃል እያቋረጠች ጠየቀች። ስልኩ ወደ እኔ ሳይመለስ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

አንድ ወዳጄ ይህን ነግሬው «ያስተማርካት እኮ ጣልያንኛ ነው» ብሎ ቀለደብኝ። ልክ ነው፣ ቃላቱ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አጎቴ ግን ጣልያንኛ አያውቅም ነበር። «ካቻቢቴውን አቀብለኝ» ሲል ማቀበሉ አማርኛ ነው፣ ትእዛዙም ቁጣውም አማርኛ ነው። ቃል ዜግነት የሚያገኘው በሥራ ይመስለኛል። ወዳጄ የነካው ሌላ ነገር ግን ይከነክነኛል። የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ለኀዘን የሚሆን ቃል የለም። ልጄ የተበላ ኩሽኔታ በአማርኛ ትነግረኛለች፤ ትምህርት ቤት ያስለቀሳትን ግን በእንግሊዝኛ ነው የምትነግረኝ፣ እሱንም ለእናቷ።

ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ ምሽት የመሪውን ገመድ ስንወጥር ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ የአማርኛ ቃል ጣል አድርጋ፣ ከልጅነት ጓደኛዋ ጋር ያላት ነገር «ላላ» ማለቱን ነገረችኝ። ልደውልላትና ላጥብቀው ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ከጓደኛ ይልቅ ስለ ብሎን የማውቀውን መለስኩላት፤ «በእጅሽ ብቻ። እንቢ ሲል አቁሚ።» ራሷን ነቀነቀች። ደወለች ወይስ አልደወለችም፣ አልጠየቅኋትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ትሄዳለች፤ ያኔ ባትሪውን ማን እንደሚያበራልኝ አላውቅም። አሁን ግን ካያኳን ለክረምቱ ከማስቀመጣችን በፊት የሚሠራው ሁሉ በእሷ እጅ ጽሕፈት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ግሪስ መቀየር፣ የላሉትን ብሎኖች ማየት፣ ከፀሐይ መከለል። ኩሽኔታን «ኩሺነታ» ብላ ጽፋዋለች። አላረምኩትም።