ንፋሱ የሁሉ፤ ተርባይኑስ የማን?

ስለ ኤሌክትሪክ ነገር በተነሣ ቍጥር እኛ ተማሪዎች የምንከራከረው ስለ ሜጋዋት ብዛት ነው። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 እያልን እንቈጥራለን። ዳሩ ግን ከተርባይኖቹ ሥር ጤፉን የሚያርመው ገበሬ እነዚያን ማማዎች «የእኛ» ይላቸው እንደ ሆነ ወይም «የእነሱ» ጠይቀን አናውቅም። ዘንድሮ ለጥናት ጽሑፋችን ስለ ንፋስ ኃይል ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ይኸው ነገር ነው።

ንባቡ ዴንማርክ ድረስ ወሰደን። (ዓመታቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በኡልፍቦርግ አጠገብ የትቪንድ ትምህርት ቤቶች መምህራንና ተማሪዎች ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በ1975 ተርባይን መሥራት ጀመሩ። ገንዘቡንም መምህራኑ ከደመወዛቸው አዋጡ። በ1978 መሽከርከር ሲጀምር 2 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደ፣ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ነበረ። ተማሪ ሲሚንቶ አቡክቶ! እኛ እኮ የምግብ አዳራሹ ወንበር ሲሰበር እንኳ ማመልከቻ ነው የምንጽፈው።

ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ሥራ ግን ከጀግንነት ይልቅ የሒሳብ ነው፤ ለእኛም የሚበጀን እርሱ ይመስለናል። ጎረቤታሞች ማኅበር አቁመው ድርሻ ይገዛሉ፤ አንዱ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ነው። ይኸውም ለዴንማርክ ገበሬ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከ1882 ጀምሮ ወተቱን በኅብረት ማኅበር ሲያቀናብር ኖሯልና። በኮፐንሃገን ወደብ ፊት ለፊት ባሕር ላይ በ2000 ከተተከሉት 20 የሚድልግሩንደን ተርባይኖች መካከል ዐሥሩ የከተማው የኤሌክትሪክ ድርጅት፣ ዐሥሩ ደግሞ የማኅበር ሆኑ። ማኅበሩ 40,500 ድርሻ ሸጠ፤ ገዢዎቹም ከ8,000 በላይ ነበሩ። መጀመሪያ የታሰበው 27 ተርባይን በሦስት ረድፍ ነበር፤ የሕዝቡ አስተያየት ከተሰማ በኋላ ግን 20ው በአንድ ቅስት እንዲቆሙ ተደረገ።

አንድ ጓደኛችን ይህን ሰምቶ፣ «የእኛዎቹ የመንግሥት ናቸው፤ የመንግሥት ከሆነ የሁላችንም አይደለምን?» ሲል ሞገተን። ቃሉ የሚናቅ አይደለም። አዳማዎቹ የተሠሩት በአብዛኛው ከቻይና በተገኘ ብድር ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው አገር ነው፤ ኃይሉም በአገር አቀፉ መስመር ገብቶ ሩቅ ላለው ከተማ ይደርሳል። ገበሬው ድርሻ ግዛ ቢባል በምን ገንዘቡ ይገዛል? ነገር ግን መሬቱን የለቀቀው ሰው ካሣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ ተርባይኑ ግን ሃያ ዓመት ይዞራል።

ዴንማርኮችም ከዚሁ ችግር አላመለጡም። ተርባይኑ እየገዘፈ፣ ባለቤትነቱም ወደ ኩባንያ እየሄደ ሲመጣ የአካባቢው ሰው ማጕረምረም ጀመረ። ስለዚህ ከ2009 ጀምሮ አዲስ ተካይ ሁሉ ቢያንስ 20 በመቶ ድርሻ ለአካባቢው ነዋሪ እንዲያቀርብ በሕግ ተገደደ። በ2020 ያ ግዴታ ቀርቶ፣ ቅርብ ጎረቤት ድርሻ ሳይገዛ በየዓመቱ ክፍያ የሚያገኝበት ሥርዓት ተተካ።

ለእኛ አገር የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው እንላለን፤ በጥናታችንም የገበሬው መሬት እንደ ድርሻ ተቈጥሮ ከሚሸጠው ኃይል በየዓመቱ ይታሰብለት ብለን ጽፈናል። መምህራችን በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም «ከየትኛው ታሪፍ?» የሚል ጻፉበት። ሒሳቡን አሁን ይዘነዋል፤ ከምጣኔ ሀብት ክፍል ሊያግዘን የሚፈቅድ ወንድም ወይም እኅት ቢገኝ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ አንጠፋም።